በአፈሙዝ ላይ የተቀባ የሰሌዳ ቀለም

አሶሳ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አይታየኝም፤ ያብለጨልጫል» አለችኝ። እዚህ ሰሌዳው ነጭ ነው፤ የሚጻፍበትም በማርከር ነው። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የዳር ተማሪዎች ብርሃን እንጂ ፊደል አያዩም። ሌላ መምህር ቢሆን መጋረጃውን ስቦ፣ ልጅቷን ወደ መሀል አዘዋውሮ ትምህርቱን ይቀጥላል። እኔ ማርከሩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ «ወባ ነው» ብሎ ባጃጅ ጠራልኝ። በዚህ አገር የሰው ፊት ከጠቆረ ወባ ነው፤ ሌላ በሽታ የለም። አልተከራከርኩትም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

ያን ዕለት ለርዕሰ መምህሩ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ሰው ከንፈሩን ሲመጥልኝ ስለማልወድ በአፌ አልናገረውም።

ከአሶሳ በፊት የማስተምረው በዚሁ ክልል በሌላው ጫፍ፣ ከፓዌ ወጣ ብላ በምትገኝ የሰፈራ መንደር ነበር። መንደራችን ስም የላትም፤ በቁጥር ነው የምትጠራው። በድርቁ ዘመን ከወሎ በካሚዮን ተጭኖ የመጣ ሰው ነው የሰፈረባት። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ሄድኩ። ትንሽ ቆይቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ገባሁና አንድ ገበሬ አግብቼ ቀረሁ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። «ነበር» ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ሌላ ቃል አላገኘሁም። ልጅ አልሰጠንም። የምንኖረው ከአባቱ ጋር ነበር።

አማቼ አንዲት ጠመንጃ ነበረቻቸው። እንደ ሌላው ሰው ጠመንጃ ጥቁር አይደለችም፤ የአፈሙዟ ብረት የማይዝግ፣ ነጭ፣ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያበራ ነው። ሰፈራ ገብተው ነፍስ ሲዘሩ በሬ ሸጠው ነው የገዟት። መንደሩ «ነጯ» ይላታል። ሰርግ ሲሆን ሙሽራ የሚታጀበው በእሷ ነው። ለቅሶ ሲሆንም አፈሙዟ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ከአስከሬኑ ፊት የምትሄደው እሷ ናት። አማቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በሎሚና በተነፋ አመድ ያሿታል። እያሹ ያነጋግሯታል። እኔን «ልጄ» የሚሉኝ ደስ ሲላቸው ብቻ ነው፤ እሷን ግን ሁልጊዜ «ልጄ» ነበር የሚሏት። ቀንቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው።

ከዚያ ጊዜው ተበላሸ። እንዴትና በማን እንደተበላሸ የሚያስረዳ ሰው ሞልቷል፤ እኔ አላስረዳም። የማውቀው መንገዱ መዘጋቱን፣ ገበያ መሄድ መቅረቱን፣ ሰው ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ» ከማለቱ በፊት እጁን ማየት መጀመሩን ነው። መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ የቀበሌ ሚሊሻ ሲሆን ባሌም ሆነ። ሥራው በአጨዳ ወቅት ማሳ መጠበቅ ነበር። መንደርተኛው ተሰባስቦ አኩሪ አተሩን ሲያጭድ እሱ ማሳው ዳር ካለው ትልቅ ኩይሳ ላይ ወጥቶ አካባቢውን ይቃኛል። በዚያ እሳት በሆነ ፀሐይ፣ ሜዳ መሀል፣ ከሰው ሁሉ በላይ ቆሞ፣ ነጯን ትከሻው ላይ አድርጎ!

ያስጠነቀቀው ወዳጁ ነው። ወዳጁ ከወንዙ ማዶ የሚኖር የጉሙዝ ሰው ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ዓሣ አጥምደዋል፣ በክፉ ቀን አንዱ የሌላውን ጎተራ ሞልቷል። ጊዜው ሲበላሽ ይህ ወዳጅነት የሚደበቅ ነገር ሆነ፤ በእኛም በኩል በእነሱም በኩል የሚያኮርፍ አይጠፋምና። አንድ ቀን በጓሮ በኩል ገባ። ተቀመጥ ስንለው አልተቀመጠም።

«ወዳጄ፣» አለው ባሌን በተሰባበረ አማርኛው፣ «አንተ ኩይሳ ላይ ሲቆም እኔ ከማዶ ያያል። ጠመንጃ ብልጭ ይላል። ጠዋት ብልጭ፣ ከሰዓት ብልጭ። እኔ ካየ ሁሉም ሰው ያያል። ሁሉም ሰው ወዳጅ አይደለም።»

ይህን ብሎ በመጣበት ተመለሰ። ባሌ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ የሰሌዳውን ብልጭታ ታጠፊው የለም እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ሲያረጅ ይላጥና ፀሐይ ይመልሳል። ቀለም ገዝቶ የሚልክልን ስለሌለ በየዓመቱ መጀመሪያ ራሳችን እናጠቁረዋለን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤቱ ይሰበሰባል፤ ይፈለጥና በውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ይወቀጣል፤ ከተጨመቀ የዱባ ቅጠል ጋር ይለወስና ሰሌዳው ላይ በጨርቅ ይታሻል። ሲደርቅ ብርሃን ይውጣል፤ ጠመኔ ሲያርፍበት ከየትኛውም ጥግ ይነበባል። በዚህ ሥራ እኔን የሚያህል አልነበረም። ከሌሎቹ ክፍሎች ሳይቀር «የእኛንም ቀቢልን» እባል ነበር።

አማቼ ሲሰሙ ቤቱ ተናጋ።

«ጥላሸት ልትቀቡኝ ነው?» አሉ። «ይቺ ጠመንጃኮ የቤቱ ፊት ናት። አገር የሚያውቀን በእሷ ነው።»

«አባባ፣» አላቸው ባሌ፣ «አሁንስ አገር ባያውቀን ይሻላል።»

ከዘራቸውን አነሱና «እንግዲያው ቀቡ፤ እኔ ግን ቆሜ አላይም» ብለው ጎረቤት ሄዱ።

ጓሮ ማንጎው ሥር ጆንያ አነጠፍን። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን በር ከቀባንበት የተረፈ ጥቁር የዘይት ቀለም ሞከርኩ። የባሰ ሆነ፤ ሲደርቅ ሊስትሮ እንደወለወለው ጫማ አበራ። ተሳደብኩና ፋቅሁት። ከዚያ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር እስኪል አሽቼ የሰሌዳውን ቀለም ለወስኩ። እሱም ሲደርቅ እጅ ላይ ይለቅ ነበር፤ ባሌ ጠመንጃዋን ትከሻው ላይ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ሲል ሸሚዙ የሰሌዳ መጥረጊያ ጨርቅ መሰለ። ሳቅንበት። በመጨረሻ ኮላ ጨመርኩበትና ያዘ። ብሩሽ መስመር ስለሚያስቀር በጣቴ ነበር የቀባሁት። ከጫፏ ጀምሬ እንጨቱ እስከሚጀምርበት ድረስ፣ ስሱን ደርቤ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ ደግሜ ደረብኩ። ባሌ ከአጠገቤ ተቀምጦ ቅጠሉን ይጨምቅልኛል። በትዳራችን እንደዚያ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ሥራ የሠራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እሱ ማሳ ነው፤ እኔ ክፍል ነኝ።

በማግስቱ ኩይሳው ላይ ቆመ፤ ወዳጁ ደግሞ ከማዶ ሆኖ አየ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በጓሮ መጣና ጠመንጃዋን ከአፈሙዟ እስከ ሰደፏ ዳሰሳት።

«ዛሬ ኩይሳ ላይ ሰው ብቻ አለ» አለን። «ጠመንጃ የለም። ባዶ እጅ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቲቸር፣ ጠመንጃ ትምህርት ቤት ገባ?» ብሎ ሳቀ። ባሌም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ባሌን ከሞት አፍ ያወጣሁት መሰለኝ። በራሴ ኮራሁ፤ ደስታውም እስከ እሑድ ድረስ ከፊቴ አልጠፋም።

ተኩሱ የተሰማው እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ከማሳው በኩል ነበር። ተማሪዎቹን ይዘን በእርሻው ዳር ዳር ወደ ከተማ ሸሸን፤ አማቼን ጎረቤት በጋሪ ጭኖ አመጣቸው። ሲመሻሽ አጨዳ የዋሉት ሴቶች ደረሱ፤ አንዳንዷ ማጭዷን እንደጨበጠች ነበር፤ እጇን ፈልቅቀን ነው ያስጣልናት። «ባልሽ 'እናንተ ሩጡ' ብሎን ከኋላችን ቀረ» አሉኝ። ጠባቂ የተባለው ኃይል ሲደርስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ባሌን ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም።

በከተማው አንድ ግቢ ውስጥ ተጠልለን ሰነበትን። አንድ ቀን ቀትር ላይ ወዳጁ መጣ። በዚያ ሰሞን እሱ ከተማ መሀል መታየቱ ከሞት ጋር መጫወት ነበር። ቀርከሃ ሻጭ መስሎ አንድ እስር ተሸክሟል። ጥግ ወስጄ አስቀመጥኩት። እስሩን ሲፈታው ከመሀሉ ጠመንጃዋ ወጣች።

«ወንዝ ዳር፣ ቄጠማ ውስጥ ነው» አለ። «ሌላ ሰው በዚያ አልፏል፣ ብዙ ሰው። ጠመንጃ አላየም። እኔ በእግር ረገጠ፣ ከዚያ አየ። ቀለም የአንቺ ነው፤ እኔ ያውቃል።»

«እሱስ?» አልኩት።

«እሱ የለም። እኔ ፈለገ። ወደ ላይ ፈለገ፣ ወደ ታች ፈለገ። ደም የለም፣ ሰው የለም።» ይህን ብሎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነና አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ጠመንጃዋን ጭኔ ላይ አድርጌ አፈሙዟን አየሁ። የትም አልተላጠችም። አሳምሬ ነው የሠራኋት፤ ቀለሜ እሷን ደብቋታል። ሰው የሚደብቅ ቀለም ግን አልነበረኝም።

«ደም የለም» የሚለው ቃል ላይ ተንጠለጠልኩ። መሣሪያውን ጥሎ ሸሽቷል ማለት ነው አልኩ። ቻግኒ ከተፈናቃዮች ጋር አንድ ረጅም ዝምተኛ ሰው አለ ሲሉኝ ሄድኩ፤ ረጅም ነበር፣ ዝምተኛም ነበር፣ ሌላ ሰው ነበር። ሆስፒታል ተኝቷል ሲሉኝ ሄድኩ። ታስሯል ሲሉኝ ደግሞ ስለት ተሳልኩ። ሰው ለባሉ እስር ቤት ይመኛል? እኔ ተመኘሁ። ታስሮም አልተገኘም። ተስፋ የሚባለውን ነገር ሰው ለምን እንደሚያወድሰው አይገባኝም። እኔን ያደቀቀኝ እሱ ነው። ሐዘን ቢሆን ያስተኛል፤ ተስፋ ግን ጠዋት ጠዋት ቀድሞኝ ተነስቶ ይጠብቀኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ነው የመጣችው።

አማቼ ተስፋ አላደረጉም። «ልጄ ሞቷል» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «አልቅሼ ልቅበረው።»

አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው በባሌ ወገኖች ዘንድ የሚለቀሰው እንዲህ ነው፤ ልብሱ ወጥቶ አልጋ ላይ ይነጠፋል፣ መሣሪያው ተወልውሎ ከጎኑ ይደረጋል፣ እሱን እያዩ ይለቀሳል። መሣሪያው ሳይወለወል አይወጣም፤ ነውር ነው፤ ሟቹ ሰው አልነበረውም ያሰኛል። ስለዚህ ጠመንጃዋ ቀለሟ ተፍቆ እንደ ድሮዋ ነጭ መሆን ነበረባት። የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ «ሚስቱ እሺ ሳትል መርዶ አንናገርም» አሉ። ነገሩ ሁሉ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

«አይሆንም» አልኩ። «ሞቱ ሳይታወቅ ልታለቅሱበት? ሟርት ነው!» ጠመንጃዋን በጆንያ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኳት። ቀለሟ እስካለ ድረስ ባሌ እዚያ ኩይሳ ላይ ቆሞ ማሳውን እየጠበቀ ነው፣ ከፋቅኋት ግን ሞተ። ይህን በጭንቅላቴ አላሰብኩትም፤ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሆዴ ግን እንደዚያ ነበር የሚለኝ፤ እኔም የምሰማው ሆዴን ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ወደ መንደር ተመለስን። የቤታችን ቆርቆሮ ተነቅሏል፣ በሩ የለም። ሸራ ወጥረን ገባን። አኩሪ አተሩ እንደተተወ ማሳው ላይ ረግፎ በቅሎ ነበር። ክረምት መጣ፣ ሄደ። አማቼ እየሟሙ ሄዱ። ቅዳሜ ሲሆን ሎሚና አመዱን አውጥተው ፊታቸው ያስቀምጡና ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ የሚያሹት ነገር የላቸውም። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ያላየሁ መስዬ በአጠገባቸው አልፋለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ለአንድ ሰው ብለን ተኮራረፍን። እሳቸው ምግብ ተዉ። እኔ ደግሞ የማቀርብላቸውን ሳህን እንዳለ ስመልስ በልቤ «ይበሉት አይብሉት» እል ነበር፤ ወዲያው ራሴን እረግማለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሳልፍ ቀሚሴን ያዝ አደረጉኝ።

«ነይ እስቲ ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «አንቺ ጠብቂው። አትጠብቂው ያለሽ የለም። ወጣት ነሽ፣ ለመጠበቅ ጊዜ አለሽ። እኔ ግን የለኝም። ሳላለቅስለት ብሞት ማነው ለልጄ የሚያለቅስለት? እናቱ የለች። ወንድም የለው። አንድ ቀን ስጪኝ። አንድ ቀን ልጩህ።»

«ቢመለስስ፣ አባባ?»

«ቢመለስማ፣» አሉ፣ «ያፈሰስኩትን እንባ ሁሉ መልሼ እጠጣዋለሁ።»

ሳላስበው ተነስቼ ጆንያውን ጎተትኩት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የፋቅኋት እኔ ነኝ። ሙቅ ውሃ አፈሰስኩ፣ ሎሚ ጨመቅሁ፣ በአመድ አሸሁ። ኮላው አልለቅም አለኝ፤ በቢላዋ ጀርባ ገፈፍኩት። ጥቁሩ ነገር ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ከሥሩ የወጣው ብረት እንደ ድሮው አልነበረም። ባትሪው ውስጥ ያለው ጨው በልቶታል፤ የማይዝገው ብረት ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ተቦዳድሷል። አማቼ አፈሙዟን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ይበቃል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው የማውቀውን መርዶ ነገሩኝ። መንደሩ ተሰበሰበ። ልብሱ ተነጠፈ፣ ጠመንጃዋ ከጎኑ ተጋደመች፤ ከዚያ ወንዶቹ አንስተው አፈሙዟን ወደ መሬት ዘቅዝቀው ግቢውን ዞሩባት። ወዳጁ ከማዶ በዋናው መንገድ፣ በግልጽ መጣ፤ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አማቼ ግን ጠርተው ከጎናቸው አቆሙት። ከዚያ ጮኹ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሳቸው ዓይን ግን ከእርጅና ብዛት ደርቆ ስለነበር ያለ እንባ ነው የጮኹት። ወዳጁ በቋንቋው እየጮኸ አጀባቸው። እኔ ሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ጥፍሬን አያለሁ። አልቅሺ እያሉ ይጎነትሉኛል። አልመጣልኝም።

በማግስቱ አማቼ በሉ። ተኙ። ተሻላቸው። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ጠመንጃዋ ለሌላ ሚሊሻ ተሰጠች፤ ይቅባት አይቅባት አልጠየቅሁም። ቀጣዩ ክረምት ሲገባ አማቼ አረፉ፤ እኔም ዝውውር ጠይቄ አሶሳ መጣሁ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር። ከለቅሶው በፊት መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ስለ ባሌ ይጠይቀኝ ነበር። የመኪና ሹፌሩ «ወሬ አለ?» ይለኛል። ሌላ ወረዳ ደርሳ የመጣች ነጋዴ «እንዲህ ያለ ሰው እዚያ ታይቷል» ትለኛለች። ተማሪዎቼ እንኳ ይጠይቁኝ ነበር። ጥያቄው ያሰለቸኝ ነበር፤ አንዳንዱን ተቆጥቼዋለሁ። መርዶው የተነገረ ዕለት ቆመ። ስለ ሞተ ሰው ወሬ አይጠየቅማ። ሰዉ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ እጄን ጨብጦ፣ ወደ ጉዳዩ ሄደ። አሁን ባሌን የሚፈልገው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ደክሟታል።